ዜሮውን የሳተ ማነጣጠሪያ፦ የመዛነፉን ምንጭ ስለ መለየት

አንድ ጠመንጃ «ዜሮ ተደርጓል» የሚባለው፣ በታወቀ ርቀት ላይ የማነጣጠሪያው መስመርና የጥይቶቹ አማካይ ማረፊያ እንዲገጣጠሙ ሆኖ ሲስተካከል ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ዋናው ቃል «አማካይ» የሚለው ነው። ከአንድ ጠመንጃ የወጡ ጥይቶች በአንድ ቀዳዳ አያልፉም፤ በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይበተናሉ። ስለዚህ «ማነጣጠሪያው ዜሮውን ሳተ» የሚለው አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ክስተቶችን ሊያመለክት ይችላል፦ የማዕከሉን መሸሽ ወይም የብትኑን መስፋት። የሁለቱ መንስኤ አንድ አይደለም፤ ብዙ የከሸፉ ጥገናዎችም የሁለተኛውን ችግር የመጀመሪያው አድርጎ ከማየት የመጡ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። በ100 ሜትር ላይ የቁመት መደበኛ ልይይቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ይታሰብ። ትናንት ሦስት፣ ዛሬም ሦስት ጥይት ተተኩሶ በሁለቱ አማካዮች መካከል የ4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢገኝ፣ የልዩነቱ መደበኛ ስሕተት 2.45 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ማንም ባልነካው ጠመንጃ ላይ እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት ከአሥር ጊዜ አንድ ጊዜ ያጋጥማል። በየቀኑ የሚተኮሰው ጥይት አሥር ቢሆን ግን መደበኛ ስሕተቱ ወደ 1.34 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያው የ4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በዕድል ብቻ ከ300 ጊዜ አንዴ እንኳ የሚታይ አይሆንም። በየሦስት ጥይቱ ማስተካከያውን የሚያሽከረክር ተኳሽ፣ ያልተዛነፈውን ማነጣጠሪያ በገዛ እጁ ያዛንፋል።

ማዕከሉ በእርግጥ መሸሹ ከተረጋገጠ በኋላ ምርመራው ወደ መካኒኩ ይገባል። በዚህ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ የምታስከትለው ጥፋት ከግምት በላይ ነው። የቴሌስኮፕ ሁለት ማቀፊያዎች በ100 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሳሉ አንደኛው የወረቀት ውፍረት በምታህል 0.1 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፣ መስመሩ በአንድ ሚሊራዲያን ያዘነብላል፤ ይህም በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በብረት ማነጣጠሪያም ስሌቱ ያው ነው። በኤኬኤም ክላሽንኮቭ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች በ378 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ፣ የፊተኛው በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። በፊተኛው ማነጣጠሪያ ሥር የሚጫረው ቀጭን የምልክት መስመር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ ከተቆራረጠ ብረቱ ከቦታው ተነቃንቋል ማለት ነው። በቴሌስኮፕ ማሰሪያ ብሎኖች ላይ የሚደረግ የቀለም ጭረትም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ የማይጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው።

የምርመራው ቅደም ተከተል ከቀላሉና ሊመለስ ከሚችለው ይጀምራል። ብሎኖቹ፣ ማቀፊያዎቹና መቀመጫው ይፈተሻሉ፤ ብሎኑ በእጅ ግምት ሳይሆን አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ማቀፊያ ቱቦውን ጨፍልቆ ሌላ ብልሽት ይፈጥራልና። ከዚያ በኋላ የማስተካከያው ቁልፍ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችና ወደ ግራ በእኩል ቁጥር ተሽከርክሮ ጥይቶቹ አራት ማዕዘን ሠርተው ወደ መነሻቸው መመለሳቸው ይታያል። ካልተመለሱ ጥርጣሬው በቴሌስኮፑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያርፋል። ይህንን ለማረጋገጥ ተጠርጣሪው ማነጣጠሪያ ደኅንነቱ በታወቀ ሌላ ይተካል። ችግሩ ማነጣጠሪያውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ከጠመንጃው ጋር ከቀረ የማነጣጠሪያው አይደለም። በየደረጃው የሚለወጠው ነገር አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ጥይትና ብሎን በአንድ ቀን የለወጠ መርማሪ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ችግሩ ከጠመንጃው ጋር ሲቀር ከሚጠረጠሩት አንዱ የሰደፉ እንጨት ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣመማል፤ የብረት ቱቦውን በአንድ ጎን ከገፋው ማዕከሉ ከወቅቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አየሩም ቢሆን አሳሳች ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ቢወርድ፣ ሙቀቱ የሚቀንሰው ታስቦ እንኳ፣ የአየሩ ጥግግት በአንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል። በ100 ሜትር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ በረጅም ርቀት ግን ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚጠገንም የለም።

ከሁሉ አከራካሪው መንስኤ ሙቀት ነው፤ ለዚህም የጀርመኑ ጂ 36 ጠመንጃ ጉዳይ ሰፊ ትምህርት ይዟል። በሄክለር ኡንድ ኮኽ የሚመረተው ይህ ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ1990ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ጀርመን ጦር ገባ። አካሉ በመስታወት ክር ከተጠናከረ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ ቱቦው የሚታሰረው በዚሁ ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ ነው። ማነጣጠሪያው ደግሞ በላይኛው መያዣ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ በማነጣጠሪያውና በቱቦው መካከል ያለው ድልድይ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከብረትም በተለየ መጠን ይሰፋል። ከ2012 ጀምሮ በተከታታይ ተኩስ የሞቀው ጠመንጃ ዒላማውን ይስታል የሚል ዘገባ ወጣ። በ2014 መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጣቱን በጥይቱ ላይ ቀሰረ። በመጋቢት 2015 ግን ሚኒስትሯ ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን ችግሩ በጠመንጃው ላይም እንዳለ አስታወቁ።

አንድ ዓይነት ዒላማ ላይ የታየ አንድ ዓይነት መሳት ለሁለት ተቃራኒ ማብራሪያዎች መዋሉ አያስገርምም። በተከታታይ ተኩስ ቱቦው፣ አካሉና በቱቦው ውስጥ ያለው ጥይት በአንድ ጊዜ ይሞቃሉና። መለያው ሙከራ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፣ የሞቀው ጠመንጃ ምንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ እንደገና ይተኮሳል፤ ማዕከሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ መንስኤው የሙቀት ለውጥ ነው፤ ካልተመለሰ የላላ ወይም በቋሚነት የተጣመመ አካል አለ። ቀጥሎ፣ ጠመንጃው ያለ ተኩስ በሙቀት ክፍል ውስጥ ሞቆ በቀዝቃዛ ጥይት ይፈተናል፤ በዚህ የአካሉ ድርሻ ከጥይቱ ድርሻ ይነጠላል። በየሙከራው ማዕከሉና ብትኑ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው፤ «የመምታት መቶኛ» የሚባለው መለኪያ ሁለቱን ደባልቆ ስለሚያቀርብ ለምርመራ አይበጅም።

በጥቅምት 2015 በቀድሞው የፓርላማ አባል ቪንፍሪድ ናኽትቫይ የተመራው ኮሚሽን፣ በጠመንጃው ትክክለኛነት ጉድለት ምክንያት የሞተ ወይም የቆሰለ ጀርመናዊ ወታደር እንዳላገኘ ገለጸ። በመስከረም 2016 ደግሞ የኮብሌንዝ ፍርድ ቤት ሚኒስቴሩ በአምራቹ ላይ ያቀረበውን የዋስትና ጥያቄ ሳይቀበለው ቀረ። ክርክሩ የዞረው ጠመንጃው ሲሞቅ ይዛነፋል ወይስ አይዛነፍም በሚለው ላይ ሳይሆን፣ የቀረበው ዕቃ በውሉ ከተጻፈው ጋር ይጣጣማል ወይ በሚለው ላይ ነበር። ስንት ጥይት፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት ተተኩሶ ማዕከሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ቢሸሽ ይፈቀዳል የሚለው፣ ከግዢው በፊት መጻፍ የነበረበት ጥያቄ ነው።