የከሰል እሳትን ሌሊቱን ሙሉ አቆይቶ ሥጋን በጭስ ስለ ማብሰል

ሥጋን በእሳትና በጭስ ማሰናዳት በብዙ አገር የቆየ ጥበብ ነው። በእኛ አገር ሥጋውን ዘልዝሎ፥ ጨውና በርበሬ ነስንሶ፥ ሰቅሎ ቋንጣ ማድረግ የታወቀ ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ደግሞ የበሬውን ፍሪምባ ሳይዘለዝሉ በዝግተኛ እሳት ከማታ እስከ ጥዋት በጭስ ያበስሉታል። ሁለቱ ሥራዎች ግን አንድ አይደሉም። ቋንጣ የሚቆየው ውሃው ስለሚወጣለት ነው፤ ሙዳው ሥጋ ግን ርጥበቱን እንደ ያዘ የሚበስል ስለ ሆነ፥ ደኅንነቱ በእሳቱ ላይ የተመሠረተ ነው። እሳቱ በመንፈቀ ሌሊት ቢጠፋና ሥጋው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ቢቆይ፥ በሽታ የሚያመጡ ረቂቃን ተሐዋስያን ይራቡበታል፤ ለግብዣ የታሰበውም ሥጋ እንግዳውን ያሳምማል።

የእሳቱ ዕድሜ የሚወሰነው በአየር ነው። የባላገር ሴት ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና፥ ጥዋት ገልጣ እፍ ስትልበት እሳቱ የሚነሣው፥ አመዱ አየሩን ስላሳነሰበት ነው። የጭስ ምድጃም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ከታች አየር የሚገባበት፥ ከላይ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የላይኛው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ከታፈነ ጭሱ ሥጋውን ያመርረዋልና። ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ በታችኛው ቀዳዳ ነው፤ ይህንም ጥቂት ጥቂት እያደረጉ፥ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

ከሰሉ እንደ ግራር ካለ ጠንካራ እንጨት የተከሰለ፥ ደረቅና መጠኑ የተካከለ ይሁን። ድቃቂው አየር ስለሚዘጋ ይነፋ፤ የቀድሞውም አመድ አስቀድሞ ይጠረግ። ከሰሉን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማቀጣጠል ስሕተት ነው። በምድጃው ግድግዳ ዙሪያ እንደ ተጠመጠመ እባብ በመሥመር ደርድሮ፥ በአንዱ ጫፍ ብቻ ጥቂት ፍም ማኖር ይገባል፤ እሳቱም ቀስ በቀስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አስቀድሞ ያለ ሥጋ ሞክሮ፥ በአንድ ሰዓት ስንት ስንዝር እንደሚነድ መለካት ጥሩ ነው። አንድ ስንዝር የሚነድ ከሆነ፥ ከማታው 1 ሰዓት እስከ ጥዋቱ 1 ሰዓት 12 ስንዝር ያስፈልጋል፤ ለነፋስና ለብርድ ደግሞ 3 ስንዝር ይጨመርበታል። ለጭሱ ጥቂት የደረቀ የወይራ ፍልጥ በመሥመሩ ላይ ማኖር ይበቃል፤ እንደ ጥድ ሙጫ ያለው እንጨት ግን አይስማማም።

የምድጃው ሙቀት ከ110 እስከ 120 ዲግሪ እንዲሆን በቴርሞሜትር መጠበቅ ይገባል። የሥጋው የውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ለብዙ ሰዓት ሊቆም ይችላል፤ ይህም ከሥጋው የሚተነው ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ነው እንጂ እሳቱ ደክሞ አይደለም። ስለዚህ ከሰል ለመጨመር መቸኮል አይገባም። ክዳኑንም ደጋግሞ መክፈት ሙቀቱን ያባክናል፥ እሳቱንም ያነድደዋል። ፍሪምባ የሚለሰልሰው ውስጡ 95 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ነገር አለ። የሚነድ ከሰል ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ አየር፥ ይኸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ማሳደር፥ መስኮት ቢከፈትም እንኳ፥ ሞትን መጋበዝ ነው። ምድጃው ከቤት ውጭ፥ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ከሰልን መቆጠብ ደን መጠበቅም ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ክምር 100 ኪሎ እንጨት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ብቻ ነው። ስለዚህ በከንቱ የነደደ አንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት መጥፋት ነው። የወረዳ ሹማምንት ይህን ለሕዝቡ ቢያስረዱ፥ ሰውም ከጉዳት ይድናል፤ ዛፍም ያለ ጥቅም አይቆረጥም።