ስንት ልጅ እንዳለ ሳይታወቅ በሽታ መጨመሩ በምን ይታወቃል?

የአንድ ጤና ኬላ መዝገብ በዚህ ወር ተቅማጥ ያመማቸው 20 ሕፃናት መጥተዋል ይላል እንበል። ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? በቀበሌው ያሉት ሕፃናት 200 ከሆኑ ከአሥሩ አንዱ ታሟል፤ 2,000 ከሆኑ ግን ከመቶው አንዱ ብቻ። መዝገቡ የሚያውቀው የመጡትን ነው፤ ያልመጡትን አያውቅም። በክትባትም እንዲሁ ነው። የሕፃናቱ ቁጥር በግምት ሲያዝና ግምቱ ሲያንስ የክትባት ሽፋኑ ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ያልተከተቡት ልጆች ግን እዚያው ሰፈር ውስጥ አሉ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚሠራውን ሥራ ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ በ9 ቀበሌዎች የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ተቋቋመ። ቀበሌዎቹ ቆላውንም፣ ወይና ደጋውንም፣ ደጋውንም እንዲወክሉ ነው የተመረጡት። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ነዋሪውን መዘገቡ፤ ከዚያ በየጊዜው እየተመለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ይጠይቃሉ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ የሞቱ ጥያቄ ነው። ሐኪም ሳያየው ቤቱ ያረፈ ሕፃን በምን እንደሞተ የሚነግረን የምስክር ወረቀት የለም። ስለዚህ ሐዘኑ በረድ ሲል ጠያቂው ከእናቲቱ ጋር ይቀመጣል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር? ተቅማጡ ደም ነበረበት? መልሶቿን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። የሳንባ ምች ይሁን ወባ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ካልተጠየቀች ልጁ ከቁጥር ውስጥም አይገባም።

ቤት ለቤት መሄድ ምን እንደሚያሳይ ለማየት ደግሞ ከአርባ ምንጭ ከተማ ብዙም ወደማይርቀው፣ አባያ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ጫኖ ሚሌ እንሂድ። እስክንድር ሎሃና በርንት ሊንድቾርን የተባሉ ተመራማሪዎች 8,121 ነዋሪዎችን ለ101 ሳምንታት ተከታትለው ፋልሲፓረም የተባለውን አደገኛ የወባ ዓይነት አጠኑ። ትንኟ ወደምትራባበት ቦታ የቀረበ ቤት ይበልጥ ይጠቃል፤ አጎበር የማይጠቀምና ኑሮው ዝቅ ያለ ሰውም እንዲሁ። እኔን ያስገረመኝ ግን ዕድሜው ነው፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ከፍ ያለ አደጋ ነበረባቸው። ስለ ወባ ስናወራ ሐሳባችን ሁልጊዜ ወደ ጨቅላው ይሄዳል፤ ተማሪው ልጅ ግን አጎበር ውስጥ ገብቶ መተኛቱን ማን ያያል?

ኩፍኝ እንዲህ ያለ ረጅም ጥናት የምንጠብቅበት ጊዜ አይሰጥም። መከላከያ በሌለው ማኅበረሰብ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳትና ሽፍታ ያለው ልጅ ሲታይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወዲያው ለጤና ጣቢያ ታሳውቃለች፤ የደም ናሙናም ይወሰዳል። በአንድ ወረዳ በአንድ ወር 5 ተጠርጣሪዎች ከተገኙ ወረርሽኝ ተብሎ ይጠረጠራል። ወረርሽኙን አስቀድሞ ለመግታት ደግሞ ከመቶው 95 ያህሉ ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው፤ አንዱ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ሁለተኛው በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ብዙ እናቶች ልጁ አድጓል፣ ክትባቱም አልቋል ብለው የሚያልፉት ይህንኑ ነው።

ከቁጥር የሚያመልጠው በተለይ ሥራ ፍለጋ ከቦታ ቦታ የሚሄደው ቤተሰብ ነው፤ በለቀቀው ቀበሌ ተሰርዟል፣ በመጣበት ገና አልተጻፈም። ከደጋው ወርዶ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወዳሉት የሙዝ እርሻዎች የመጣ አዲስ ጎረቤት ካላችሁ፣ ልጆች እንዳሉት ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት። የክትባት ካርዳቸውን አይታ የቀረውን ታሟላላቸዋለች።