ድምፁ ነው ወይስ ሰዉ?

ሞቅ ካለ የሰርግ ድንኳን ቀድሞ የሚወጣን ሰው ምን እንዳስወጣው መጠየቅ ይገባል። የድምፅ ማጉያው ጩኸት፣ የሽቶውና የምግቡ ጠረን፣ የትከሻ ግፊያው ፋታ ነስቶት ሊሆን ይችላል። ወይም «ሲጨፍር አያምርበትም፣ ሲያወራ ይንተባተባል ይሉኛል» የሚል ሐሳብ አላስቀምጥ ብሎት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም አሉበት። ለዘመድ ግን መልኩ አንድ ነው፦ ሰውዬው ኮርቷል፣ አለዚያም ሰው አይወድም። ስለ ሕዋሳት ስሱነትና ሰውን ስለ መሸሽ የተደከመበት ምርምር ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት መርዳቱ ነው። የሚሹት እርዳታ የተለያየ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ ነውና።

ከስሜት ሕዋሳት እንጀምር። አሜሪካዊቷ ጂን አይርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ከልጆች ጋር ሲሠሩ፣ አንዳንዶቹ በቀላል ንክኪ እንደሚረበሹ አስተዋሉ። ፀጉራቸው ሲበጠር ያለቅሳሉ፤ በሸሚዛቸው አንገት ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ትከነክናቸዋለች። አይርስ ይህን ቅብጠት ነው ብለው አላለፉትም፤ አንጎል ከሕዋሳት የሚመጣለትን መልእክት የሚያደራጅበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያያል ብለው በ1972 መጽሐፍ አሳተሙበት። በ1997 ተመራማሪዋ ዊኒ ደን አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ። አንድ ሰው ቶሎ የሚሰማው መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሲሰማው የሚያደርገው ደግሞ ሌላ። አንዱ እየተረበሸም ቢሆን ችሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ተነሥቶ ይሄዳል። ችሎ የሚቀመጠውን ማንም አያስተውለውም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ግን ደክሞት ይወድቃል።

ጉዳዩን ከክሊኒክ አውጥተው ለሰፊው አንባቢ ያደረሱት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኢሌን አሮን ናቸው። በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ስሱነት በሽታ ሳይሆን ከሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆነው ላይ የሚታይ ጠባይ ነው አሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ከባለቤታቸው ከአርተር አሮን ጋር 27 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አወጡ። ብዙ ሰው በዚህ መጽሐፍ ራሱን አግኝቶ ተጽናንቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም «ስሱ ነኝ» ብሎ ነገሩን እዚያው መዝጋት ሌላ ነገር ሊሸፍን ይችላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ የሕዋሳትን ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ ከኦቲዝም ምልክቶች መካከል አስገብቶታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ስለ ልጅነት ጭምር ይጠይቃል።

ከስሱነት ወደ ፍርሃት የሚወስደው መንገድ ጎልቶ የሚታየው በሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር በጀሮም ኬገን ሥራ ነው። አራት ወር የሞላቸው ሕፃናት ፊት በቀለም ያሸበረቁ መጫወቻዎች ይወዛወዛሉ፤ የተቀዳ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ አልኮል የነካው ጥጥ ወደ አፍንጫቸው ይጠጋል። ብዙዎቹ ተረጋግተው ያያሉ። ከአምስቱ አንዱ ገደማ ግን ጀርባውን ይለጥጣል፣ እጅ እግሩን ያወራጫል፣ ያለቅሳል። ኬገንና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ልጆች ለዓመታት ሲከታተሉ፣ ያለቀሱት ከሌሎቹ ይልቅ እንግዳ ሰውና አዲስ ቦታ የሚፈሩ ሆነው ተገኙ። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ከባድ ፈሪ አልሆኑም። አፈጣጠር መነሻ እንጂ ፍርድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ጥናት የለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሸሺ ስብዕና፣ ማለትም መናቅን ፈርቶ ከሰው መራቅ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኤርንስት ክሬችመር በ1921፣ ከሰው ከሚርቁት መካከል ምንም የማይሰማቸው ብቻ ሳይሆኑ ከልክ በላይ የሚሰማቸውም እንዳሉ ጽፈው ነበር። «ሸሺ» የሚለውን መጠሪያ በ1969 የሰጡት የሥነ ልቦና ባለሙያው ቴዎዶር ሚሎን ሲሆኑ በ1980 ወደ አሜሪካው መመሪያ ገባ። አንድ ሰው ይህ ችግር አለበት ለመባል ከሰባት ምልክቶች ቢያንስ አራቱ መታየት አለባቸው፤ ለምሳሌ ትችት ፈርቶ ሰው የሚበዛበትን ሥራ መተው፣ እንደሚወደድ እርግጠኛ ካልሆነ ወዳጅነት አለመጀመር። እንዲህ ያለው ሰው ብቸኝነትን መርጦ አይደለም፤ ወዳጅ ይናፍቃል፣ ግን መናቅን ይፈራል። በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት 2.36 በመቶ አዋቂዎች ላይ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው ምደባ ግን መጠሪያው ቀርቶ የችግሩ ክብደት ይለካል።

ሦስቱ እንዴት ይገናኛሉ? በ2005 ብዮርን ማየርና ባልደረቦቻቸው የሸሺነት ምልክት የበዛባቸው አዋቂዎች ሕዋሳታቸውም ስሱ እንደሆነ አሳዩ። በዚያው ዓመት የአሮን ቡድን፣ ስሱ ሆነው ልጅነታቸው የከበደባቸው ሰዎች ዓይን አፋርነታቸው እንደሚጎላ ዘገበ። ሁለቱም መልስ ሰጪዎቹ ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የቆሙ ናቸውና የትኛው ቀደመ ለሚለው መቋጫ አይሆኑም። ጭንቀት ጆሮን ይስለዋል፤ የተሳለ ጆሮም ያስጨንቃል።

ዙሩ የሚከርበት ምክንያት ግን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሆባርት ሞውረር እንዳስረዱት፣ ከሚያስፈራ ነገር ስንሸሽ የምናገኘው እፎይታ ራሱ ሽሽትን ያስተምረናል። በሙዚቃና በረዳት ጩኸት ከተሞላ ሚኒባስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ የወረደ ሰው ወዲያው ይቀለዋል፤ በማግሥቱ ታክሲው ይበልጥ ይከብደዋል።

ለዚህ ነው መለየት የሚያስፈልገው። አንዱ መንገድ ራስን መጠየቅ ነው፦ ድምፁ ሁሉ ኖሮ የሚያየኝ ሰው ባይኖር እቀመጥ ነበር? ሰዉ ሁሉ ኖሮ ቦታው ጸጥ ቢልስ? የመጀመሪያው የሚከብደው ሰው ጥግ መቀመጡ፣ አልፎ አልፎ ወጥቶ አየር መቀበሉ፣ በጣም ሲጮህ የጆሮ መድፈኛ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ መድፈኛውን ቀኑን ሙሉ ማድረግ ግን ጆሮን ይበልጥ ስሱ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው የሚከብደው ደግሞ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ አለበት። ፖል ኤምልካምፕና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ለሸሺ ስብዕና ስውር ስሜትን ከሚመረምረው አጭር ሳይኮዳይናሚክ ሕክምና የተሻለ ውጤት አምጥቷል። ሁለቱም ያሉበትን ሰው «ዝም ብለህ ተጋፈጠው» ማለት ጭካኔ ነው፤ «ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ» ማለትም አሳልፎ መስጠት ነው።

እኛ ዘንድ ሸክሙ የሚከብደው ለቅሶ፣ ሰርግና የቡና ጥሪ ውዴታ ብቻ ሳይሆኑ ግዴታም ስለሆኑ ነው። የቀረ ሰው በዝምድና ይጠየቅበታል። ይሁንና ባህሉ ራሱ መውጫ አለው፦ ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ግርግሩ ጋብ ሲል ለቅሶ መድረስ ነውር አይደለም። የሟችን ቤተሰብ ለብቻ አግኝቶ ማጽናናት ለስሱ ሰው ይቀላል፤ ለሐዘንተኛውም ሰው በሳሳበት ቀን የመጣ ወዳጅ ዋጋው ብዙ ነው። በአገራችን ግን ስለ ሕዋሳት ስሱነት የምንሰማው በአብዛኛው ከኦቲዝም ጋር ተያይዞ፣ ለልጆች ነው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል በዚህ ረገድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እነዚያ ልጆች እያደጉ ነው፤ ሳይታወቅላቸው ያደጉም አሉ።

ስሱነት ደግሞ ሸክም ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማይክል ፕሉስና ኢሎና ቦኒዌል በ2015 ባወጡት ጥናት በለንደን ምሥራቅ፣ ችግር በበዛበት አካባቢ፣ ድብርትን ለመከላከል በትምህርት ቤት የተሰጠ ሥልጠናን መርምረው ነበር። ሥልጠናውን ሁሉም ልጃገረዶች ወሰዱት፤ ድብርታቸው የቀነሰው ግን ከሁሉ ይበልጥ ስሱ የነበሩት ናቸው።