ፌንጣና አባጨጓሬ ከምግብ ገበታ ላይ

ርዕሱን አይታችሁ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ ይገባኛል። እኔም አጨማድጄ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለሥራ ካምፓላ ሰንብታ የተመለሰች ባልደረባችን አንድ ብልቃጥ ሙሉ የተጠበሰ ፌንጣ ይዛ መጥታ ከቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጠችው። ቢሮው በሳቅና በጩኸት ተሞላ። አንደኛዋ ወንበሯን ስባ ራቀች። ሌላዋ፣ «ለመሆኑ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ብላ ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት ሰው ግን አልነበረም። እኔ በይሉኝታ አንዷን አነሣሁና ዓይኔን ጨፍኜ ቀመስኳት። ጨው ጨው የምትል፣ ቅባት ያላት፣ እንደ ቆሎ የምትንኮሻኮሽ ነገር ናት። ሁለተኛዋን ዓይኔን ሳልጨፍን በላሁ።

ይህች ፌንጣ በኡጋንዳ «ንሴኔኔ» ትባላለች። ዝናቡን ተከትላ በዓመት ሁለት ጊዜ በመንጋ ትመጣለች፤ በሉጋንዳ ቋንቋ የኖቬምበር ወር ስም «ሙሴኔኔ» የተባለው በእርሷ ነው። በተለይ በማሳካ አካባቢ ነጋዴዎች ሌሊት ኃይለኛ መብራት ያበራሉ። በመብራቱ ተስባ የመጣችው ፌንጣ ዙሪያውን ከቆመው ቆርቆሮ ጋር ትጋጭና ተንሸራታ ከሥር ከተቀመጠው በርሜል ውስጥ ትወድቃለች። ከዚያም ክንፏና እግሯ ይነቀልና በራሷ ቅባት ትጠበሳለች። ዘይት ጠብ አይልባትም። የዘይትን ዋጋ ለምታውቅ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ያስገረመኝ ግን የአጠባበሷ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን በቡጋንዳ ፌንጣዋን የሚለቅሙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሚስት ለቅማና ጠብሳ ለባሏ ታቀርባለች፤ ባልም በምላሹ «ጎሜሲ» የተባለውን የሀገር ልብስ ይገዛላታል። እርሷ ግን እንድትቀምስ አይፈቀድላትም። ከበላች ጭንቅላቱ እንደ ፌንጣዋ የሾለ ልጅ ትወልዳለች ይባል ነበር። ዶሮና እንቁላልም ለሴት ነውር ነበሩ። ልብስ ይሰጧታል፣ ምግቡን ይነሷታል ማለት ነው።

እህቶቼ፣ በዚህ ከመሳቃችን በፊት ወደ ራሳችን ጓዳ እንመልከት። በእኛም ሀገር በአንዳንድ አካባቢ እርጉዝ ሴት ወተት ብትጠጣ ሕፃኑ ገላው ላይ ነጭ ነገር ለብሶ ይወለዳል እየተባለ ወተት ትከለከላለች። ያውም ሰውነቷ ምግብ አብዝቶ በሚሻበት ወራት። ከአሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልትስ ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ የማያውቅ አለ? እናቴ ለበዓል ሽንኩርት ስታቁላላ አምሽታ በማግሥቱ አንገቱን ስትግጥ አስታውሳለሁ። «እኔ የምወደው አንገቱን ነው» ትለን ነበር። እኛም አምነናት አደግን።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ምግብ እናገኛለን። በቦትስዋና፣ በዚምባብዌ፣ በናሚቢያና በሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ፣ ሞፓኔ የተባለውን ዛፍ ቅጠል እየበላ የሚያድግ የጣት ውፍረት ያለው አባጨጓሬ አለ። ወቅቱ ሲደርስ ሴቶች በእጃቸው ይለቅሙታል፤ ሆድ ዕቃውን ጨምቀው ያወጡና በጨው ውሃ ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በደንብ ከደረቀ ለወራት ይቀመጣል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል፣ የሻገተውም ሕመም ያመጣል። ባለሙያዋ ሴት ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ወጥ ትሠራበታለች፤ የተረፈውን ገበያ አውጥታ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ታደርገዋለች። ቦትስዋና የዚህን አባጨጓሬ ምስል በአምስት ፑላ ሳንቲሟ ላይ ቀርፃዋለች።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ነፍሳት ቢያንስ የ2 ቢሊዮን ሕዝብ የተለመደ ምግብ አካል እንደሆኑና የሚበሉትም ዓይነቶች ከ1,900 እንደሚበልጡ ገምቷል። በዚሁ ጥናት እንደተጻፈው፣ በደረቅ ክብደት ሲለካ በ100 ግራም የበሬ ሥጋ ውስጥ 6 ሚሊግራም ብረት ሲገኝ፣ በሞፓኔው አባጨጓሬ ውስጥ ከ31 እስከ 77 ሚሊግራም ይገኛል። የተቆጠረው ብረት ሁሉ ወደ ደማችን ይገባል ማለት አይደለም። ቢሆንም የደም ማነስ እርጉዞችንና ሕፃናትን ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ሰው ይህን ቁጥር ዝም ብሎ አያልፈውም።

«ታዲያ አንበጣ እንጥበስ ልትዪን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን አንበጣ ከሚበሉት ወገን መቆጠሩ እውነት ነው፤ የየመን አይሁዶችም ልማዱን ይዘው ቆይተዋል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በሀገራችን ላይ የወረደውን ዓይነት መንጋ ለማጥፋት መርዝ ይረጫል፤ መርዝ የነካው አንበጣ ለሰው ቀርቶ ለዶሮም አይሰጥም። ልጆቻችሁ ከሜዳ የለቀሙትን ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ ተቆጣጠሩ። ሽሪምፕ ሲበላ ገላው የሚያብጥ ወይም የሚያሳክከው ሰውም፣ ባዕድ ሀገር ሄዶ ፌንጣ ቢቀርብለት ባይሞክር ይሻለዋል፤ ሁለቱ በሥጋቸው ውስጥ ያለው ነገር ይመሳሰላልና። ለቤታችን ብረት ምስር አለ፣ ጤፍ አለ፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ወይም ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ቢበላ ብረቱ በተሻለ ወደ ሰውነት ይገባል። ለእናትየዋም ከልጆቹ እኩል ይውጣላት።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለልጄ ነገርኳትና «እ-ፍ!» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ በክፍሏ ውስጥ አባቷ ከዚምባብዌ የመጣ ልጅ እንዳለችና ምሳ ዕቃዋ ሲከፈት ሁሉም ዘሎ እንደሚመለከት አጫወተችኝ። «ምን ይዛ ትመጣለች?» አልኳት። «ዳቦ በእንቁላል» አለችኝ።

ብልቃጡን በተመለከተ፣ በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ከግማሽ በታች ሆኖ አገኘነው። ባልደረባችን ሁላችንንም ብትጠይቅ የበላ ሰው አልተገኘም።