የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት እንዴት ይመረጣል?

እንደ ጎብዬ ባሉ የራያ ቆቦ ቆላማ አካባቢዎች የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ የወባ ስርጭት ይጨምራል። ማይክሮስኮፕ በሌለባቸው ጤና ኬላዎች ሕክምናው የሚወሰነው በፈጣን መመርመሪያ ኪት ውጤት በመሆኑ፣ የኪቱ ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል።

በርካታ ኪቶች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተሕዋስ የሚለዩት ኤችአርፒ2 የተሰኘ ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ሆኖም የዚህ ፕሮቲን ዘረ-መል የጎደላቸው ተሕዋሲያን በምርመራው ሊታለፉ ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛው ወባ እያለበት ሕክምና ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት የሚታለፉት የፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ እንደሚደርሱ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ከ5 በመቶ ሲበልጥ በኤችአርፒ2 ላይ ብቻ ያልተመሠረተ ኪት ሥራ ላይ እንዲውል ይመክራል፤ ኤልዲኤች የተባለውን ፕሮቲን የሚለዩ ኪቶች ለዚህ አማራጭ ናቸው።

የተመረጠው ኪት ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነትም መለየት፣ የቆላውንም ሙቀት መቋቋም ይኖርበታል። ባለሙያዎች የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን፣ የማከማቻ ሙቀቱንና የንባብ ደቂቃውን በመመሪያው መሠረት ሊያከብሩ ይገባል። ኅብረተሰቡም ውጤቱ ወባ የለም ቢል እንኳ ትኩሳቱ ካልተወ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊመለስ ይገባል።