ሐምሌ በጎንደር፣ ሐምሌ በቤር ሸቫ

በጎንደር ሐምሌ ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ጭጋግ ነው፤ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። በቤር ሸቫ ግን ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥላል፣ ሰውም ከመዝጋኑ ሥር አይነሳም።

የአየሩ ልዩነት ሹራብ የሚሠሩ እናቶችን ይነካል። አያት ስንት ቀን ተቀምጣ ለልጅ ልጇ ሹራብ ትሠራለች። ክሩ ብዙ ጊዜ ሱፍ ወይም አክሪሊክ ነው። ልጁ አንድ ቀን ይለብሰውና ያወልቀዋል፤ ሹራቡም ቁምሳጥን ውስጥ ይቀራል። አያት ታዝናለች፣ "ናቀኝ" ትላለች። ልጁ ግን አልናቃትም፣ ሞቆት ነው።

ታዲያ ሥራውን መተው አያስፈልግም፤ ክሩን መለወጥ ይበቃል። ሱፍ በውስጡ አየር ይዞ ሙቀት ያቆያል። አክሪሊክ ላብ አይመጥጥም። ጥጥ ግን ላብ ይመጥጣል፤ ሳሳ ተደርጎ ከተሠራም ነፋስ ያሳልፋል።

ይሄን ለእናቶች ማን ያስተምራቸዋል? ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የፈተሉ ናቸው። በብዙ የቤተ እስራኤል መንደሮች ሴቶች ይፈትሉ፣ ወንዶች ይሸምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡት ብዙ ዕቃ ሳይዙ ነው የተሳፈሩት። እንዝርቱ እዚያ ቀረ፣ የእጅ ሙያው ግን አብሮ መጣ። ነጠላ የሚቀለው ክሩ ስለቀጠነና ሽመናው ስለሳሳ መሆኑን ያውቃሉ። ለበጋ ሹራብም ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ቀጭን የጥጥ ክር ይመረጣል። መርፌው ለዚያ ክር ከተለመደው ትንሽ ወፈር ይላል፤ በ3.5 ሚሊሜትር የሚሠራው በ4 ቢሠራ ልብሱ ይሳሳል። እጅንም ማጥበቅ አያስፈልግም። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢሆን ፀሐይን ይመልሳል። ልብሱም ሰፋ ብሎ ከገላ ላይ መላቀቅ አለበት።

ጥጥ ግን የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ሱፍ አይለጠጥና አይመለስም፤ በክብደቱ እየተጎተተ ይረዝማል። ስለዚህ ልብሱን ትንሽ አሳጥሮ መሥራት ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት 10 በ10 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ሠርቶ፣ አጥቦና አድርቆ መለካት ከኋላ ጸጸት ያድናል። ከታጠበ በኋላም ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ለጨቅላ ሕፃን ሲሆን ደግሞ እንደ ዳንቴል ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ሥራ አይሆንም፤ ጣቱ ቀዳዳው ውስጥ ሊያዝ ይችላል። ለእሱ ደቀቅ ያለ ሥራ ይሻላል።

ሥራው ለቤተሰብም ይጠቅማል። በብዙ ቤት የልጅ ልጅ አማርኛ አይሰማም፣ አያትም ዕብራይስጥ አይሆንላትም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ትከሻና ደረት ለመለካት ግን ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። "ና፣ ቁም፣ ዙር" ይበቃል። ልጁ እነዚህን ሦስት ቃላት ሰምቶ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ሰንበት ደግሞ ምን ያህል እንደደረሰ ለማየት ራሱ ይመጣል።

ሞዓዶን ለሚውሉ እናቶችም ሥራው ይመቻል፤ ጥቂት ክርና ሁለት መርፌ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ለጀማሪ እጅጌ የሌለው የልጅ ሰደርያ ይቀላል። ከፋሲካ በኋላ ከተጀመረ ሐምሌ ሳይገባ ይደርሳል።