ተጨማሪ መረጃ፦ ቅጽ ላይ የምንሞላው መረጃ
በወልቂጤ የምትሠራ ነርስ በሙያ ማኅበሯ ድረ ገጽ የአባልነት ቅጽ ስትሞላ ስሟን፣ ስልኳንና የሥራ ቦታዋን ትሰጣለች። ድረ ገጹ ደግሞ እሷ ሳትጽፈው የስልኳን ዓይነትና የገባችበትን ሰዓት ሊመዘግብ ይችላል። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ለአባልነት የተሰጠ ስልክ ያለ ፈቃዷ ለማስታወቂያ ሠሪ አይተላለፍም። የጤና፣ የብሔርና የሃይማኖት መረጃ ጠበቅ ያለ ጥበቃ አለው። (እነዚህን ያለ በቂ ምክንያት የሚጠይቅ ቅጽ ሲያጋጥም «ለምን?» ማለት ነውር አይደለም።) አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የግል መረጃ መሰብሰብ በድረ ገጽ የተጀመረ አይደለም፦ በቡታጅራ ከተማ አካባቢ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዘ የጤና ጥናት መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የየቤተሰቡን ልደትና ሞት ጽፈዋል።